ሌሊቱን አጠገባቸው ማን ያድራል? ስለ ኦፒዮይድ አልባ ማደንዘዣ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ አንዲት የሰፈራችን እናት ከሴት ልጃቸው ጋር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አዳማ ገበያ ውስጥ እህል ይነግዳሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ክብደታቸው 118 ኪሎ ደርሷል። አዲስ አበባ ሄደው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ለማሳነስ ቀጠሮ ይዘዋል። ልጃቸው ያሳተመችላቸውን አራት ገጽ ወረቀት ይዘው ነበር፤ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ ለስልሷል።

«ልጄ፣ ይህን አንብበኸዋል?» አሉኝ። «ሞርፊን የሚባለውን የሚሰጡኝ ከሆነ አልሄድም። መርዝ ነው ይላል እኮ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና መሰጠት ያለበት ኦፒዮይድ የሌለበት ማደንዘዣ ብቻ ነው ይላሉ። ኦፒዮይድ የሚባሉት እንደ ሞርፊን፣ ፌንታኒል፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። መከራከሪያቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአሠራሩ ብልጫ በጥናት ተረጋግጦ አልቋል፤ ክብደቱ የበዛ ሰው ትንፋሽ የሚቋረጠው በኦፒዮይድ ስለሆነ እሱ ከወጣ አደጋውም አብሮ ይወጣል፤ በምትኩ የሚሰጡት መድኃኒቶች ርካሽ፣ በየሆስፒታሉ የሚገኙና ጉዳት የሌላቸው ናቸው፤ አሜሪካን ያመሳት ሱስ በአንድ መርፌ ይጀምራል፤ ስለዚህ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ኦፒዮይድ እንደማይፈልግ ጽፎ ይፈርም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለታካሚ አስበው እንደጻፉ ግን ከእያንዳንዱ ገጽ ይታያል። እኔም ማደንዘዣ እየሰጠሁ ዓመታት የቆጠርኩ ባለሙያ ነኝ፤ ኦፒዮይድ ይቀነስ በሚለው አልጣላቸውም። የተጣላሁት ጽሑፉ እኚህን እናት ሕይወታቸውን ከሚጠብቀው ጥያቄ አንሥቶ ወደ ሌላ ጥያቄ ስለወሰዳቸው ነው።

ከምስማማበት ልጀምር። ክብደቱ የበዛ ሰው በጀርባው ሲጋደም ሆዱ ድያፍራሙን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ላይ ይገፋና ሳንባውን ያጣብበዋል። ቀጭን ሰው ትንፋሽ ቢቋረጥበት ለጥቂት ደቂቃዎች የሚያቆየው የኦክሲጅን ስንቅ ለእሱ በቶሎ ያልቅበታል። የጉሮሮው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ብዙዎቹ ሌሊት እያንኮራፉ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ የሚመለስ ናቸው፤ ይህ በሽታ መሆኑን ሳያውቁ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገቡም ጥቂት አይደሉም። ኦፒዮይድ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ነቅቶ «ተንፍስ» የሚልበትን አቅም ያደክማል። ሁለቱ ሲገናኙ መፍራት ተገቢ ነው። ማስመለስም አለ። በተለመደው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠርዙ ገና በተሰፋ ጨጓራ ማስመለስ ለታካሚውም ለቀዶ ሐኪሙም ጭንቅ ነው። ቤልጂየም ውስጥ እንደ ያን ሙሊየር ያሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች ኦፒዮይድ አልባውን መንገድ ለዓመታት ያበጁት ይህን ሁሉ አይተው ነው። ጸሐፊው እዚህ ድረስ የጻፉትን እፈርምበታለሁ።

ተረጋግጦ አልቋል የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄን እሰበስባለሁ። ጸሐፊው ማስመለስ በግማሽ ያህል ቀነሰ ብለው የጠቀሱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ አኔስቴዥያ የወጣው ይመስለኛል። በ119 የክብደት መቀነሻ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ነው። በተለመደው መንገድ ከተደነዘዙት 37 በመቶ ያህሉ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሲያስቸግራቸው፣ ኦፒዮይድ ካልተሰጣቸው ውስጥ 20 በመቶው ብቻ ተቸግረዋል። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ኦፒዮይዱ ብቻ አልነበረም። የተለመደው ማደንዘዣ የተሰጣቸው በጋዝ ነው የተኙት፤ ጋዙ ራሱ ያስመልሳል። ሌሎቹ በደም ሥር በሚሰጥ ፕሮፖፎል ተኙ፤ ፕሮፖፎል ደግሞ ማስመለስን ይከላከላል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተቀይሮ ሳለ ምስጋናውን በሙሉ ለአንዱ መስጠት አይቻልም። ወጡ ውስጥ ጨውም በርበሬም የቀነሰ ሰው ጣዕሙን ያስተካከለው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል?

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ሌላ ጥናት አለ። ፈረንሳይ ውስጥ በ314 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ነው። አንደኛው ወገን ሬሚፌንታኒል የሚባል ኦፒዮይድ፣ ሌላው በምትኩ ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባል፣ ኦፒዮይድ ያልሆነ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጠው። ጥናቱ ካሰበበት ሳይደርስ ተቋረጠ፤ ምክንያቱም ኦፒዮይድ ካልተሰጣቸው ውስጥ የአምስት ሰዎች የልብ ምት እጅግ አሽቆለቆለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኦክሲጅን መጠናቸው የወረደባቸው ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው ውስጥ 61 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ውስጥ 72 በመቶ ነበሩ። ማስመለስና በኋላ የሚያስፈልገው ሞርፊን መቀነሱ በዚህም ጥናት ታይቷል፤ እሱን አልሸሽግም። ታካሚዎቹም ለክብደት የመጡ ሳይሆኑ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ናቸው። ሆኖም ኦፒዮይድ ሲወጣ ትንፋሽ በራሱ ይስተካከላል የሚለውን እምነት ይህ ጥናት ክፉኛ ይነቀንቀዋል።

ጥናቱ ባይኖርም እኔን የነቀነቀኝ አንድ ሌሊት አለ።

ሆስፒታሉን አልጠራም። ፌንታኒል ካለቀብን ቀናት አንዱ ነበር። የሐሞት ጠጠር ሊወጣላት የገባች፣ ከ130 ኪሎ በላይ የምትመዝን ሴት በኬታሚን፣ በማግኒዥየምና በፓራሲታሞል አስተኝቻት ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ጠብታ ኦፒዮይድ አልነካትም። ጸሐፊው እንደሚመክሩት ማለት ነው፤ እኛ ያደረግነው ግን መርጠን ሳይሆን አጥተን ነው። ነቃች፣ ስሟን ተናገረች፣ ወደ ማገገሚያ ክፍል ወሰድናት። እኔም ኦፒዮይድ ስላልወሰደች ስለ ትንፋሿ ልቤ አርፎ መዝገቤን መሙላት ጀመርኩ። አስታማሚ እህቷ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ ማንኮራፋት ስትጀምር እህቷ ፊቷ በራ። «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳት» አለች።

ማንኮራፋቱ ቀጠለ። ከዚያ ቆመ።

እንዲህ ያለ ዝምታ የሚያውቅ ሰው ቀና ይላል። ሆዷ ይነሣል፣ ደረቷ ይገባል፣ አፏ ላይ ግን እጄን ብይዝ አየር አይመታኝም። በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው የፐልስ ኦክሲሜትር ድምፅ ቃናው እየወፈረ ወረደ፤ 96 የነበረው 88፣ ከዚያ 79። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርገን፣ መንገጭላዋን ወደ ፊት ስቤ፣ በጭምብልና በፊኛ እየገፋሁ መለስናት። ምክንያቱ ኋላ ግልጽ ሆነ። ለቀዶ ሕክምናው ጡንቻዋን ያላላው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም ነበር፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ የዚያን መድኃኒት ጉልበት ያራዝማል። የላላ ጉሮሮና ያልጠነከረ ጡንቻ ተደራርበው ለመሞት ተቃርባ ነበር። የጡንቻ ማላሊያውን ማክሸፊያ ጨምረንላት፣ ቀና አድርገን አስቀምጠናት፣ እስኪነጋ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እህቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አንድም ቃል ሳትናገር አብራኝ አነጋች።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለኔ ዋናው ጥያቄ ምን መድኃኒት ተሰጠ ከሚለው ይልቅ ከተሰጠ በኋላ ማን ያያል የሚለው ሆኗል። ኦፒዮይድ ትንፋሽ ከሚያቆሙ ነገሮች አንዱ ነው። ያልለቀቀ የጡንቻ ማላሊያም ያቆማል፤ በጀርባ ጠፍጣፋ ማስተኛትም፣ ለማረጋጋት ተብሎ የተጨመረ የእንቅልፍ መድኃኒትም ያቆማሉ። ከሁሉም የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ ጣት ላይ የሚያያዝ ኦክሲሜትር፣ ከፍ ያለ ራስጌ፣ አጠገብ ያለ ኦክሲጅን፣ ማንኮራፋትን ከሰላማዊ እንቅልፍ የሚለይ ጆሮ ያለው ተረኛ። አንድ ነርስ ስንት አልጋ ይዛ እንደምታድር በሙያው ያለን እናውቃለን። አራት ገጽ ተጽፎ ስለ መጀመሪያው ሌሊት አንድ አንቀጽ እንኳ አለመኖሩ ነው ያሳዘነኝ።

ምትክ መድኃኒቶቹ ጉዳት የላቸውም የተባለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል፤ ወጣት ባለሙያ አንብቦ ሊሠራበት ይችላልና። ሊዶኬይንን እንውሰድ። ጥርስ ለማደንዘዝና ቁስል ለመስፋት ስለምንጠቀምበት ሁሉም ያውቀዋል። በደም ሥር በጠብታ ሲሰጥ በሰዓት ከ1.5 ሚሊግራም በኪሎ አይለፍ ይባላል። ግን የየትኛው ኪሎ? የእኚህን እናት ቁመት 1.60 ሜትር እንበል። በ118 ኪሎ ብናሰላው በሰዓት 177 ሚሊግራም ይሆናል። ለቁመታቸው በሚገባው ክብደት፣ ማለትም በ52 ኪሎ ገደማ ብናሰላው 78 ነው። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ የዘርፉ መመሪያም ለማንም ሰው በሰዓት ከ120 ሚሊግራም በላይ አይሰጥ ይላል። ሊዶኬይን ሲበዛ ነቅቶ ያለ ሰው ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ምላሱ ላይ የብረት ጣዕም ይሰማዋል። የተኛ ሰው ይህን አይነግረንም። የምናየው የሚንቀጠቀጥ አካል ወይም የተዛባ የልብ ምት ነው። ያን ጊዜ ለማርከሻ የሚሰጠው 20 በመቶ የቅባት ፈሳሽ ክፍላችሁ ውስጥ አለ? የሆድ ግድግዳ ነርቭን ለማደንዘዝ ቡፒቫኬይን የሚባለው ሌላ ማደንዘዣ ከተጨመረበት ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጉዳት ስላላቸው ይደመራሉ።

ማግኒዥየም ሰልፌት ለእርግዝና ደም ግፊት ስለምንጠቀምበት በየሆስፒታሉ አለ፤ ምን እንደሚያስከትል ከላይ ተናግሬያለሁ። ኬታሚን ለአገራችን ቀዶ ሕክምና ባለውለታ ነው፤ ትንፋሽን ያን ያህል አይጫንም። ነገር ግን የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሲነቁም የሚያስፈራ ቅዠት ሊያሳይ ይችላል። የደም ግፊት ታካሚ ላይ ይህ የሚናቅ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ማስመለስን በደንብ ይከላከላል፤ የስኳር ታካሚ ላይ ግን ስኳሩን ከፍ ስለሚያደርግ መለካት ይፈልጋል። ዴክስሜዴቶሚዲንን ከአዳማም ሆነ ከተማርኩባት ከሀዋሳ፣ በሠራሁባቸው ክፍሎች መደርደሪያ ላይ አይቼው አላውቅም። በውጭ አገር ያለው ኦፒዮይድ አልባ ማደንዘዣ በአብዛኛው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት ዲክሎፌናክ አለ። ይህን መድኃኒት በከተማችን ወገቡን የታመመ ሁሉ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጣል። ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ጨጓራን ከትንሹ አንጀት ጋር አዲስ የሚያገናኘው ነው። ይህን ያደረገ ሰው እነ ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ሲያዘወትር በመገጣጠሚያው ላይ ቁስል ሊወጣበት፣ ሊደማበት፣ እስከ መበሳት ሊደርስበት ይችላል። ስኳር ኩላሊቱን የነካበት ሰው ላይም ጉዳቱ ይብሳል። ታካሚው ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዞ አዳማ ቤቱ ይገባል። ሲያመው «ሞርፊን መርዝ ነው» የሚለውን አስታውሶ ሰፈሩ ካለው መድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ይገዛል። ይህ የሚሆን ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምጽፈው። ለሕመም መጀመሪያ የሚወሰደው በሐኪም የታዘዘ ፓራሲታሞል ነው፤ ሌላውን ከቀዶ ሐኪሙ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ወደ ሱሱ ልምጣ። አሜሪካ ላይ የደረሰው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ኦፒዮይድ ባለበት መመረዝ ሞተዋል። ቀዶ ሕክምና ካደረጉ አሜሪካውያን ውስጥ ከዚያ በፊት ኦፒዮይድ የማይወስዱ 6 በመቶ ያህሉ ከወራት በኋላም ሲወስዱ እንደተገኙ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ያሳያል። ነገር ግን ያ ጎርፍ የተነሣው በገፍ ታዝዞ ወደ ቤት ከሚሄደው ኪኒን ነበር፤ ኋላም ሄሮይንና በሕገወጥ መንገድ የተሠራ ፌንታኒል ተከተለው። ተኝቶ ሳለ የተሰጠውን፣ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት የሚጠፋውን መጠን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ስህተት ነው። ያለ ትእዛዝ የሚሸጠው ትራማዶል ወጣቶቻችንን እየጎዳ መሆኑን ጸሐፊው ቢጽፉ ኖሮ አብሬያቸው እጮኽ ነበር።

እኛ አገር ያለው ዋናው ችግር ሌላ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት በዓለም ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ወደ ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሀዋሳ ተማሪ ሳለሁ አንድ ካንሰር አጥንታቸው የገባ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው የሞርፊን ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲዞር ውሎ ማታ ባዶ እጁን ተመለሰ። ማዘዣው በላብ ርሶ ጽሑፉ ፈዞ ነበር። አባትየው «አይዞህ ልጄ፣ ነገ ታገኛለህ» አሉት። የሚታመሙት እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው። «መርዝ» የሚለው ቃል በእህል ነጋዴዋ እጅ ብቻ አይቀርም። እንደዚያ ልጅ ያለ ሰው ጋም ይደርሳል፤ መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ «አባቴን ልገድለው ነው» ብሎ እንዲፈራ ያደርገዋል። ሞርፊን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይፈርም የተባለውን በአጭሩ ልመልስ። ታካሚ ፍላጎቱን መናገር አለበት፤ እኔም እሰማለሁ። ነገር ግን በትንንሽ ቀዳዳ የተጀመረ ቀዶ ሕክምና ደም ፈስሶ ሆድ ወደ መክፈት ሊቀየር ይችላል። ያን ጊዜ በሕመም የተያዘ ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሣም፤ ሳንባው ይታፈናል፣ እግሩ ላይ ደም ይረጋል። በፊርማ የታሰረ እጅ በዚያች ሰዓት ማንን ይጠቅማል? እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ፓራሲታሞሉን አስቀድሜ እሰጣለሁ፣ ቁስሉን ወይም የሆድ ግድግዳ ነርቮችን አደነዝዛለሁ፣ እንደ ሁኔታው ትንሽ ኬታሚን እጨምራለሁ፤ ኦፒዮይድ በጣም ሲያስፈልግ ብቻ በትንሽ በትንሹ እሰጣለሁ፣ ማርከሻውን ናሎክሶንንም በእጄ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ታካሚ ጠብታ ሳያስፈልገው ይወጣል። ያን ቀን ደስ ይለኛል፤ አስቀድሜ ግን ቃል አልገባም።

በነጋታው እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና እየፈላ ነበር። ወረቀታቸውን መለስኩላቸውና ከጀርባው ላይ የማደንዘዣ ባለሙያውን የሚጠይቋቸውን ጻፍኩላቸው፦ የማንኮራፋት ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ? የመጀመሪያውን ሌሊት የት ነው የማድረው? ኦክሲሜትሩ እስከ ጠዋት ጣቴ ላይ ይቆያል ወይ? ሲያመኝ ቤቴ ሆኜ ምን ልውሰድ፣ ምንስ አልውሰድ? ከዚያ እኔ ጠየቅኋቸው። ያንኮራፋሉ? ቀን ላይ ይደክምዎታል? ሲተኙ ትንፋሽዎ ይቋረጣል ያለዎት ሰው አለ?

«እኔ ተኝቼ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው?» አሉኝ።

ልጃቸው ግን ስልኳን አወጣች። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሷት ቀርጻቸው ኖሯል። አዳመጥነው። ማንኮራፋቱ እየከበደ ሄዶ በድንገት ተቋረጠ። ዓይኔን ሰዓቴ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ እንደ መታነቅ ያለ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፤ ማንኮራፋቱም እንደገና ጀመረ። እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቀርተው ልጃቸውን አዩአት።

«እንዳታጠፊው» አልኳት። «አዲስ አበባ ስትደርሱ ከማንኛውም ወረቀት በፊት ይህን አሰሚያቸው።»